ከሐኪሙ ጋር ሴኔት የገባው ማዕረግ

ሐኪም ፖለቲካ ሲገባ ደስ ይለናል፤ ሰው ማዳን ያውቃላ! እኔን ግን ቢል ፍሪስት ያሳስበኛል። የልብና የሳንባ ንቅለ ተከላ ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የአሜሪካ ሴኔት የአብላጫው መሪ። ፍሎሪዳ ውስጥ ለ15 ዓመት ራሷን ሳታውቅ የኖረች ሴት የምትመገብበት ቱቦ ይነቀል አይነቀል የሚለው ክርክር ሲጦፍ፣ ቢሮው ቁጭ ብሎ ለአንድ ሰዓት ያህል ቪዲዮዋን አየ። ከዚያ ሴኔት ውስጥ ተነስቶ የሐኪሞቿን ድምዳሜ እንደሚጠራጠር ተናገረ፤ ለምታየው ነገር ምላሽ የምትሰጥ ትመስላለች አለ። (እኛ ፕሮግራመሮች እንኳ ስክሪንሾት ብቻ አይቶ ስለ ሲስተሙ በሚፈርድ ሰው እንስቃለን።) ከሞተች በኋላ አስከሬኗ ሲመረመር አንጎሏ ከሚጠበቀው ክብደት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር፤ ዓይኗም አያይም ነበር።

ሌላ ሴናተር ቢለው አስተያየት ነው ብለን እናልፈዋለን። እሱ ግን ዶክተር ነው። ማዕረጉ አብሮት ገባ፤ በሽተኛዋን አልጋዋ ድረስ ሄዶ የማየት ግዴታው ውጭ ቀረ። በኋላ ሲጠየቅ፣ በሽታዋ ይህ ነው አላልኩም ብሎ ተከላከለ። ይሁን እሺ። የሰማው ሰው ግን ሐኪም ሲናገር ነው የሰማው።