ሚዛኑ ለማን ነው? — ስለ ማዕድና ስለ ፍትሕ

«የተመጣጠነ ምግብ» የሚለው ሐረግ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ፣ በትምህርት ቤት መጽሐፍና በሬድዮ ምክር ውስጥ ዘወትር የሚያጋጥመን ስለ ሆነ፣ የሐኪም ጉዳይ እንጂ የኅሊና ጉዳይ አድርገን አንመለከተውም። እህሉ፣ ጥራጥሬው፣ አትክልቱ፣ ወተቱና እንቁላሉ በየፈርጁ ተደርድሮ ይታየናል፤ «ከየዓይነቱ ብሉ» ተብለንም እንሰናበታለን። ይሁን እንጂ ቃሉን ቆም ብለን ብንመረምረው፣ «ተመጣጠነ» ማለት መጠኑን አገኘ ማለት ነው። መጠን ደግሞ ሁልጊዜ የአንድ ሰው መጠን ነው። እንግዲህ ነገሩ «ምን እንብላ?» በሚለው ጥያቄ ብቻ አያበቃም፤ «ሚዛኑ የሚለካው ለማን ነው?» ወደሚል የሥነ ምግባር ጥያቄ ያደርሰናል።

ይህን ነገር ከጥንት ፈላስፎች መካከል አርስጣጣሊስ በሚገባ አስተውሎታል። የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር በሚባለው መጽሐፉ፣ በጎ ምግባር በመብዛትና በማነስ መካከል ያለ ልክ መሆኑን ሲያስረዳ ምሳሌውን የወሰደው ከምግብ ነበር። አሥር ምና የሚመዝን ምግብ እጅግ ብዙ፣ ሁለት ምናም እጅግ ጥቂት ቢሆን፣ አስተዋይ አሠልጣኝ መካከለኛውን ስድስቱን ለሁሉም አያዝም። ያ መጠን ስመ ጥር ለነበረው የትግል ጀግና ለሚሎን ያንሳል፤ ትግል ገና ለሚጀምር ሰው ግን ይበዛል። የቁጥር መካከለኛ ለሁሉ አንድ ነው፤ የሰው ልክ ግን እንደ ሰውየው ይለያያል። ስለዚህ ትክክለኛ ማዕድ ማለት እኩል የተቆረሰ ማዕድ ማለት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የሚገባውን የሰጠ ማዕድ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ደግሞ ፍትሕ ይባላል።

ይህን ሐሳብ ይዘን ወደ ላስታ ደጋ እንውጣ። ከላሊበላ ከተማ በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በደጋው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ አተርና ምስር ይዘራል፤ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ ጤፍና ማሽላ ይበዛል። የዚህ አገር ሕዝብ ስለ ምግብ አያውቅም የሚል ሰው ቢኖር ማዕዱን ቀርቦ ያላየ ነው። እንጀራና ሽሮ አብረው ሲበሉ፣ እህሉ የሚጎድለውን የገንቢ ምግብ ክፍል ጥራጥሬው ይሞላዋል፤ ጥራጥሬውም የሚያንሰውን ከእህሉ ያገኛል። ሊጡ ሲቦካ በእህሉ ውስጥ ያለው ብረትና ዚንክ ለሰውነት በቀላሉ እንዲደርስ ይሆናል። ጎመኑ፣ ቃሪያው፣ በጾም ወራት የሚጠጣው የተልባና የሱፍ ውኃ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። እናቶቻችን ይህን ሁሉ ያገኙት ከትምህርት ቤት ሳይሆን በብዙ ትውልድ ልምድ ከተጣራ ጥበብ ነው።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? በአንድ በኩል ብዛቱ ነው፤ እህሉ ከመኸር እስከ መኸር የማይደርስባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ ሥጋው፣ ፍራፍሬው ነው። እነዚህ ከአገሩ ጨርሰው የጠፉ አይደሉም። ዶሮዋ በግቢ ውስጥ ትጥላለች፤ ላሟ ከወለደች ቅቤው ይናጣል። ነገር ግን እንቁላሉና ቅቤው በሚበዛው ቤት የሚሄዱት ወደ ገበያ ነው። በላሊበላ ሆቴል የሚያርፍ እንግዳ ቁርሱን በእንቁላል ሲበላ፣ ዶሮዋን ያረባችው እናት ልጅ ግን በደረቅ እንጀራ ያድራል። ይህን ስንል እናቲቱን ለመውቀስ አይደለም። በእንቁላሉ ዋጋ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙናና ደብተር ትገዛለች። ሽያጩ የግድ እንጂ የስስት አይደለም። የሆነ ሆኖ ግን ሒሳቡ ሲተሳሰብ ዋጋውን የከፈለው ማን እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል፤ ከፋዩ በቤቱ ውስጥ ድምፅ የሌለው ሰው ነው።

የዚህ ዕዳ መጠን በቁጥር ተለክቷል። በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል ከመቶ 38ቱ፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከመቶ 46ቱ ለዕድሜያቸው ከሚገባው ቁመት በታች ቀጭጨው ነበር። ከ6 እስከ 23 ወር ባለው ዕድሜ ከሚገኙት መካከል ዝቅተኛውን ተገቢ የአመጋገብ መስፈርት የሚያሟላ ምግብ ያገኙት ከመቶ 7ቱ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ ቃል ሲገባ፣ ቃል ኪዳኑ የተሰየመው በላስታ ጎረቤት በዋግ ከተማ በሰቆጣ ስም ነው። የሰቆጣ ቃል ኪዳን መባሉ ችግሩ ከማን ደጃፍ እንዳለ ይነግረናል።

መቀንጨርን ከሌላው ረኀብ የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ጊዜው ነው። ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለተኛው የልደት ዓመት ባሉት 1000 ያህል ቀናት የልጁ አካልና አእምሮ መሠረቱን ይጥላል። በዚያ ወራት የጎደለው በኋላ ቢበላ አብዛኛው አይተካም። ለአዋቂ ሰው «ዛሬ ብቻ ታገሥ፣ ነገ ትበላለህ» ማለት ይቻል ይሆናል፤ ለሕፃን ግን ነገ ሌላ ልጅ ነው። ስለዚህ ለሕፃኑ የዘገየ ድርሻ እንደ ተነፈገ ድርሻ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ብሂላችን ይመጣል። ብሂሉ በመልካም ጎኑ ሲታይ የእምነት ቃል ነው፤ ድኻ ወላጅ ልጅ በመውለዱ ተስፋ እንዳይቆርጥ ያበረታዋል። ነገር ግን በማዕድ ላይ ሲነገር ትርጉሙ ይለወጣል። እኛ ልንሰጠው የሚገባንን ለዕድሉ እንተውለታለን፤ የጎደለውንም የዕድሉ ጉድለት እናደርገዋለን። ዕድል እንቁላል አይቀቅልም። ለልጁ የተመደበለት ዕድል አለ ከተባለ፣ የዚያ ዕድል እጆች የእኛው እጆች ናቸው።

ሁለተኛው ነገር የማዕድ ተራ ነው። በባላገር ቤት አባወራውና እንግዳው አስቀድመው ይበላሉ፤ እናትና ልጆች ይከተላሉ። ይህ ሥርዓት ክብር አለው፤ እንግዳን ማስቀደም የሕዝባችን ጌጥ ነው፤ ሞፈር ጨብጦ የሚውለውም ኃይል ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ የአርስጣጣሊስን ምሳሌ ብናስታውስ፣ ሚሎን ብዙ የሚበላው ስለሚከበር ሳይሆን ሰውነቱ ስለሚጠይቀው ነው። እንደዚሁ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለሁለት ትበላለች፤ የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለ ሆነም በጥቂት ጉርሻ ውስጥ ብዙ ኃይልና ገንቢ ነገር ማግኘት አለበት። ስለዚህ ክብርን በተራ፣ ድርሻን ግን በመጠን ብንሰጥ ከባህላችን የሚጠፋ ነገር የለም። አባወራው አስቀድሞ ይቁረስ፤ ነገር ግን ከወጡ መልካም መልካሙን ለሚታነጸው ያስቀር።

ሦስተኛው ጥያቄ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻ ነው፤ ስለ ጾም ነውና። የላስታ ሕዝብ ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ተከልክሎ ይጾማል። ጾም የክርስቲያኖች ሁሉ የጋራ ሀብት ስለ ሆነ እዚህ የምንነካው በአክብሮት ነው። የአብዛኛው ሕዝብ እናት የሆነችው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን በጾም አታስገድድም፤ ሕመምተኞችና ነፍሰ ጡሮችም ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው የሚያደርጉት ሥርዓት አላት። ሆኖም ብዙ እናቶች የጾሙ ድስት በቅቤና በወተት እንዳይነካ በመፍራት ለሕፃኑ ለብቻ አያበስሉም፤ በዚህም ምክንያት ሕፃኑ ሳያውቀው ጿሚ ይሆናል። ይህ ግን በእውነት ጾም ሊባል ይችላልን? ጾም ማለት ሊበላ የሚችል ሰው በፈቃዱ መተው ነው። ያልመረጠ አልጾመም፤ ተራበ እንጂ። የአንዱ ጽድቅ በሌላው ረኀብ ሊገዛ አይችልም። ይልቁንም አዋቂው በጾሙ የተወው ወተት ለሕፃኑ ሲተርፍ፣ ጾሙ ከምጽዋት ጋር የተጋባ ፍጹም ጾም ይሆናል። ለዚህም አንዲት ትንሽ የሕፃን ድስት ለብቻ መለየት ይበቃል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው በቤት ውስጥ ስላለው ሚዛን ነው። ነገር ግን አንድ አንባቢ በቅን ልብ «ምንም የሌለው ሰው ምኑን ያመጣጥናል?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው እውነት አለው፤ ለዚህም ከላስታ ደቡብ ከደላንታ ዳውንት አንድ አሳዛኝ ምስክር አለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ያን ጊዜ በሰሜን ወሎ ዞን ሥር በነበረው በዚህ ወረዳ ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ የቀረው ጓያ ነበር። ጓያ ድርቅን ይችላል፤ ለብዙ ወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ግን በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይድንም። በወረርሽኝ መልክ የደረሰው ይህ ሕመም እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ተመራማሪዎቹ በኋላ እንደ ተረዱት፣ ጓያውን ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት አደጋውን ይቀንሰዋል። ሕዝቡም የጓያን ክፉነት ከጥንት ያውቅ ነበር። እንግዲህ የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን የሚቀላቀለው እህል ነበር።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ለሌለው ሰው «አመጣጥነህ ብላ» ብሎ መምከር ብቻውን ምክር ሳይሆን ፌዝ ነው። ማመጣጠን የሚቻለው ምርጫ ባለበት ነው፤ ምርጫ የሌለው ሰው ሚዛን በጎረቤቱ፣ በማኅበረሰቡና በመንግሥት እጅ ላይ ይወድቃል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎ ያየው መከራ፣ በ2017 ዓ.ም. ከላስታ ጎረቤት ከቡግና ወረዳ የተሰማው የሕፃናት የምግብ እጥረት ዜና፣ ድርቅ ብቻውን ሰው እንደማይገድል፣ የመንገድ መዘጋት፣ ጦርነትና የእርዳታ መዘግየትም ከማዕድ ጋር እንደሚቆጠሩ ያስተምሩናል።

እንግዲህ ኃላፊነቱ በየደረጃው ይከፈላል። ቤት ያለው ሰው ከሚሸጠው እንቁላል በሳምንት ጥቂቱን ለሕፃኑ ይተው፤ የገብሱን ገንፎ ከባቄላ ወይም ከሽምብራ ዱቄት ጋር ቀላቅሎ ጥቂት ዘይት ይጨምርበት፤ በእጣቢ ውኃ ጎመንና ዱባ በጓሮው ያልማ። ጎረቤት ላሙ ስትታለብ ላም የሌላትን አራስ ያስታውስ። አስተዳዳሪ የሆነ ደግሞ እህል የማይደርስባቸውን ወራት አስቀድሞ ይቁጠር።

ውድ አንባብያን፣ ሰው በየቀኑ ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ እንደ መብላት የተዘወተረ የለም። ስለዚህ ፍትሕ በፍርድ ቤት ብቻ የምትኖር መስላ ብትታየንም፣ የምትለመደው ግን በማዕድ ዙሪያ ነው። ዛሬ ማታ መሶቡ ሲከፈት፣ ከመባረካችን በኋላ ከመቁረሳችን በፊት፣ በዚህ ቤት ከሁሉ ይልቅ ምግቡ የሚያስፈልገው ማን ነው ብለን ዙሪያውን እንመልከት። የመጀመሪያውን ጉርሻም ለእርሱ እንስጠው።