የታጠፈው ወረቀት

ልጆቼ፣ 38 ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የፈተና ወረቀት በመለስኩ ቁጥር የማየው አንድ ነገር ነበር። ተማሪው ወረቀቱን ይቀበላል፤ ዓይኑ ጥግ ላይ ወዳለችው ቁጥር ይሮጣል፤ ከዚያ ወረቀቱን ሁለት ቦታ አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ይወሽቀዋል። 30 ያመጣውም 90 ያመጣውም እኩል ያጥፉታል። እኔ አምሽቼ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍኩትን ከ60ው ልጅ ሁለት ቢያነቡልኝ ነው።

ይህን ያነሣሁት ሰሞኑን «ማጥናት አላሰኘኝም» የሚለኝ ወጣት ስለበዛ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል የሚማር የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን እየነካካ «አባባ፣ ሙድ የለኝም» አለኝ። ሙዱ መቼ እንደሚመጣ ብጠይቀው ሳቀ። እኔ እንዳየሁት ፍላጎት ከሥራ ቀድማ የምትመጣው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሥራውን ከጀመረ በኋላ አርፍዳ ትደርሳለች።

በ1974 ዓ.ም. ማትሪክ ወደቅኩ። ሒሳብ ኤፍ ነበር። እናቴ አንድም ቃል ሳትናገረኝ ክረምቱን የቅኔ መምህር ወደሆነው አጎቴ ላከችኝ፤ እንጨት እንድፈልጥ፣ ውኃ እንድቀዳ። የቆሎ ተማሪዎቹ ቀን ቁራሽ ለምነው፣ ከውሻ ጋር ታግለው ይመለሱና ወደ ማታ የኔታ ፊት ቁጭ ብለው የዕለቱን ቅኔ ይቆጥራሉ። ጀማሪው ጉባኤ ቃና ይዞ ይቀርባል፣ ሁለት ቤት ብቻ። የበሰለው ስምንት ቤት መወድስ ይዘርፋል። አጎቴ ዓይኑን ጨፍኖ ያደምጥና «ይህ አይሄድም፤ ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም» ይላል፤ ያቃናለታል። ልጁ «እሺ የኔታ» ብሎ ይነሣል። በማግሥቱ ሌላ አዲስ ይዞ ይመጣል፤ የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ የለም።

አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሁለት ሳምንት ያህል በየማታው ሲታረም አየሁት። እኔ እሱን ብሆን ሦስተኛው ቀን ላይ አገሬ ገብቼ ነበር። አንድ ማታ ግን ቆጥሮ ሲጨርስ አጎቴ ዝም አለ። እዚያ ቤት ዝምታ ማለፍ ነው። ያን ሌሊት ልጁ እንቅልፍ አልወሰደውም፤ ጎጆው ውስጥ ሆኖ ሦስት ቤት ሲሞክር አደረ። ማንም አላዘዘውም።

ያን ልጅ ያጸናው ምን ነበር? የተለየ አንጀት ኖሮት አይመስለኝም። ሁለቷ ቤት የአቅሙ ልክ ነበረች። ስህተቱ የሚነገረው ገና ትኩስ እንዳለ፣ በዚያው ማታ ነው። አብረውት የሚታረሙትም ሃያ ያህል ናቸው፤ ብቻውን የሚያፍርበት ነገር አልነበረም። ረሃቡንና ልመናውን እያሞገስኩ እንዳይመስላችሁ፤ በችግሩ ምክንያት ስንቱ ከመንገድ እንደቀረ አውቃለሁ።

መስከረም ሲጠባ የድሮ የፈተና ወረቀቶቼን ከሣጥን አወጣሁና የሳትኩትን ጥያቄ በቀን ሁለት ሁለት መሥራት ጀመርኩ። በዓመቱ ሒሳብ ሲ አመጣሁ። ኤ አላልኩም፣ ሲ። እንግዲህ ያን ሁሉ ዘመን ሒሳብ ሲያስተምር የኖረው የሲ ሰው ነው።

እናንተ የገጠማችሁ ዘመን ከኔ ይከብዳል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ሆነ። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ የቀሩበት ዓመት አለ። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ሲወድቅ «የዘንድሮ ልጆች ጽናት የላቸውም» የሚል ሽማግሌ ካያችሁ አትስሙት። ዓመቱን ሙሉ የፊዚክስ መምህር ያልገባበት ክፍል፣ በጦርነት የተዘጋ በር፣ መጽሐፉ ያልደረሰበት ወረዳ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ይህን የምላችሁ በማይገባችሁ ጥፋት ራሳችሁን እንዳትቀጡ ነው፤ ራሱን ሲቀጣ የሚውል ልጅ ለማጥናት ጉልበት አይተርፈውም።

እናንተ እጅ ላይ የቀረው ያ የታጠፈ ወረቀት ነው።

ከገጠር መጥታ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቋን ለማምጣት አገሯ የምትመላለስ ተማሪ ነበረችኝ። ከኋላ ወንበር አትነሣም፣ እጇን አታወጣም። የሳተቻቸውን ጥያቄዎች ብቻ የምትጽፍበት፣ ጥጉ ሽሮ የነካው ባለ 50 ሉክ ደብተር ነበራት። አንድ ቀን ክፍሉ እስኪወጣ ጠብቃ «ቲቸር፣ ይዩልኝ» አለችኝ። አብረን ስንቆጥር 11ዱ ስህተት አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቅንፍ ስትፈታ የመጀመሪያውን ብቻ ትቀይርና ሁለተኛውን እንዳለ ትተወዋለች። ደብተሩን ትክ ብላ አየችው። «እኔ እኮ ሒሳብ አይገባኝም ብዬ ትቼው ነበር» አለች። ለካ ሁለት ዓመት ያስፈራራቻት አንዲት ጭረት ናት። በማግሥቱ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄዋ አላስተምር አለኝ።

ማንም አርሞ የማይመልስላችሁ ከሆነ ሦስት አራት ሆናችሁ ተራረሙ። ኩረጃ ግን አትጀምሩ፤ የተኮረጀ ወረቀት የት ጋ እንደሳታችሁ አይነግራችሁም።

ዛሬ ማታ ቦርሳችሁን ክፈቱና የመጨረሻውን የፈተና ወረቀት አውጥታችሁ ዘርጉት። ኤክስ ከተደረገባቸው አንዱን ምረጡና ሥሩ። አንዱን ብቻ፤ ሌላውን ለነገ ተዉት።