የቀዘቀዘው ጃኬት ምክንያት

አንድ ነገር ለምን እንደሆነ ማወቅ ራሱ ምን ማለት ነው የሚለውን ጥያቄ ፈላስፎች ከአርስቶትል ዘመን ጀምሮ ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ ይሁን እንጂ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው የተሳሳተ መልስ ምንም በማያስከፍልበት ወንበር ላይ በመሆኑ፣ መልሱ በተግባር የሚፈተንበት ስፍራ ጥቂት ነው። ከእነዚህ ስፍራዎች አንዱ፣ ለፍልስፍና ባዕድ ቢመስልም፣ ለረጅም ጉዞ በተሠራ ሞተር ብስክሌት ላይ የተጨመሩ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ሥራ ሲያቆሙ የብልሽቱን ምንጭ የመፈለግ ሥራ ነው። የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌት የሚባለው አሽከርካሪውንና ተሳፋሪውን ከነጓዛቸው በቀን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር እንዲያደርስ የታሰበ ከባድ ተሽከርካሪ ሲሆን፣ ተጨማሪ ዕቃዎች የሚባሉት ደግሞ ሞተሩ ለመነሣትም ሆነ ለመሄድ የማይፈልጋቸው፣ የተጓዡን ድካም ግን የሚያቀልሉ እንደ እጅ ማሞቂያ፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጃኬት፣ ተጨማሪ የፊት መብራትና የስልክ ቻርጀር ያሉ ናቸው።

የእነዚህ ተሽከርካሪዎች ታሪክ ራሱ ጥያቄውን ያወሳስበዋል። የጃፓኑ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1975 ጎልድ ዊንግ የተባለውን ሞዴል ለገበያ ሲያቀርብ ሞዴሉ የነፋስ መከላከያም ሆነ የጓዝ ሣጥን አልነበረውም፤ በአሜሪካ የነበሩ ባለንብረቶች እነዚህን ከሌሎች አምራቾች እየገዙ ይገጥሙ ነበር፤ ኩባንያው ራሱ ሁሉን አሟልቶ ከፋብሪካ ያወጣው በ1980 ነው። የመጨመሩ ልማድ ግን ከዚያ በኋላም አልቀረም። ስለሆነም በአንድ ሞተር ብስክሌት ላይ ሁለት የኤሌክትሪክ ሥርዓቶች ተደርበው ይገኛሉ፤ አንዱ መሐንዲስ ያቀደውና በንድፍ የተመዘገበው፣ ሌላው ደግሞ የዛሬው ባለቤት ወይም ከእርሱ በፊት የነበረው በየጊዜው ያከለውና ብዙውን ጊዜ በየትኛውም ወረቀት ላይ ያልሰፈረው ነው።

ጃኬቱ መሞቅ ሲያቆም የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፊውዝ ነው። ፊውዝ ከተወሰነ መጠን በላይ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲያልፍበት ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጥ ቀጭን ብረት ስለሆነ፣ ተቃጥሎ ሲገኝ ፈላጊው ምክንያቱን ያገኘ ይመስለዋል፤ ጃኬቱ የቀዘቀዘው በእርግጥም ፊውዙ ስለተቃጠለ ነውና ፈጽሞ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ፊውዙ አልተበላሸም፤ የተሠራበትን ተግባር ፈጸመ እንጂ። ሊቃውንት ቅርብና ሩቅ ምክንያት ብለው የለዩት ልዩነት እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ ምክንያቱም የ10 አምፔሩን ፊውዝ አውጥቶ በ20 አምፔር የሚተካ ሰው የቅርቡን ምክንያት አስወግዶ የሩቁን ወደ ሽቦው አዛውሮታል፤ ከእንግዲህ የሚቀልጠው ሽቦው ይሆናል፣ ሽቦው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ከነዳጅ ሰልባትዮው ሥር ነው።

ፊውዙ ደህና ሆኖ ሲገኝ ግን ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ፈላጊው ቴስተሩን ማለትም ቮልቴጅ የሚለካውን መሣሪያ አውጥቶ፣ ጃኬቱ ተነቅሎ ሳለ የጃኬቱን መሰኪያ ሲለካ 12 ቮልት ያነባል፤ ከዚህም ተነሥቶ መስመሩ ጤነኛ ነው፣ የተበላሸው ጃኬቱ ነው ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ስሕተት ሊሆን የሚችልበት መንገድ በቀላል ስሌት ይታያል። በ12 ቮልት 72 ዋት የሚወስድ ጃኬት 6 አምፔር ይስባል፣ የራሱም ተቃውሞ፣ ማለትም ፍሰቱን የሚገታበት መጠን፣ 2 ኦም ነው። በመንገዱ ላይ አንድ መገጣጠሚያ ዝጎ ሌላ 2 ኦም ቢጨምር፣ ፍሰቱ ወደ 3 አምፔር ይወርዳል፣ ግማሹ ቮልቴጅ በዝገቱ ላይ ይቀራል፣ ጃኬቱም የሚያገኘው 18 ዋት ብቻ ይሆናል፤ ይህም ከሚገባው አንድ አራተኛ ነው። ቴስተሩ ግን የራሱ ተቃውሞ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ስለሆነ ከመስመሩ የሚስበው ፍሰት ከምንም አይቆጠርም፤ በመሆኑም ዝገቱ ለእርሱ እንደሌለ ነው። መሣሪያው አልዋሸም፤ መስመሩ ምንም ሳይሸከም ምን ያህል ቮልቴጅ እንዳለው ተጠይቆ ትክክለኛውን መልስ ሰጥቷል። ዕውነቱ የሚወጣው ጃኬቱ ተሰክቶ ፍሰት እየሳበ ሳለ በመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ ሲለካ ነው። ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር ለዕውቀት ጥናት ቀላል አይደለም፤ አንድ እውነተኛ ምልከታ ሐሰተኛ ድምዳሜን ሊያስከትል የሚችለው ምልከታው ጎድሎ ሳይሆን ጥያቄው ጎድሎ ነውና።

ከዚህ የባሰ የሚያስቸግረው የሌለ ነገር ምክንያት ሊሆን ይችላል ወይ የሚለው ነው። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ ወደ ኔጌቲቭ ካልተመለሰ አይሠራም፤ ጀማሪዎች ግን መሄጃውን ይመረምሩና መመለሻውን ይረሱታል። የኋላ መብራቶች በጋራ የሚመለሱበት ሽቦ ሲበጠስ ፍሰቱ በሌላ አምፖል በኩል መውጫ ይፈልጋል፣ በዚህም የተነሣ ፍሬቻ ሲበራ የፍሬን መብራት ደብዘዝ ብሎ ብልጭ ድርግም ሊል ይችላል፤ የሚታየው ግራ የሚያጋባ ድርጊት ነው፣ መነሻው ግን አንድ ያልኖረ ግንኙነት ነው። ክፋት ራሱን የቻለ ህልውና የለውም፣ የመልካም ነገር ጉድለት ነው ያለው የሂፖው አውግስጢኖስ ይህን ዓይነቱን ነገር ለመረዳት የሚቸገር አይመስልም። ጉድለትን ምክንያት ማድረግ የማይቀበሉ ፈላስፎች ግን ብርቱ መከራከሪያ አላቸው፤ የሌለ ነገር ሁሉ ምክንያት ከሆነ፣ በኮርቻው ሥር ሁለተኛ ባትሪ አለመኖሩም የመብራቱ መጥፋት ምክንያት ነው ሊባል ነው። ለዚህ ተቃውሞ የሚሻለው መልስ፣ ጉድለት ምክንያት የሚሆነው ሊኖር ይገባው የነበረ ነገር ሲጎድል ብቻ ነው የሚለው ነው፤ ሊኖር የሚገባውን የሚወስነውም ንድፉ ነው። እንግዲህ ንድፍ የሌለው የተጨማሪ ዕቃዎች መስመር ከጥገና አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሥዕል ነው፤ ምን ሊኖር እንደሚገባ ያልተወሰነበት ነገር በጥብቅ ቃል ሊበላሽ አይችልምና።

በ11ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አል-ገዛሊ ስለ ጥጥና እሳት፣ በ18ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም ስለ ቢሊያርድ ኳሶች ሲጽፉ፣ በተለያየ ዓላማ ቢሆንም አንድ ነገር ላይ ተገናኝተዋል፤ ሰው የሚያየው አንዱ ከሌላው ጋር ወይም ተከትሎ መምጣቱን እንጂ አንዱ ሌላውን ሲያስገድድ አይደለም። አዲስ መብራት በተገጠመ ማግስት ሬዲዮው ዝም ያለበት ባለንብረት መብራቱን የሚከሰው ከዚህ መከታተል በቀር ማስረጃ ሳይኖረው ነው። ሆኖም ሁለቱ ሊቃውንት በምሳሌዎቻቸው ያቆሙት ተመልካችን ነው፣ ጠጋኝ ግን ተመልካች አይደለም፤ እጁን ያስገባል። እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1843 እንዳብራራው፣ ሁለት ሁኔታዎች በአንድ ነገር ብቻ ሲለያዩና ውጤታቸውም ሲለያይ ልዩነቱ ከምክንያቱ ጋር ይያያዛል፤ ፊንላንዳዊው ፎን ራይት ደግሞ በ1971 የምክንያት ጽንሰ ሐሳብ ራሱ ከማድረግ ችሎታ የሚመነጭ መሆኑን ተከራክሯል። መብራቱ ሲነቀል ሬዲዮው ከተናገረ፣ ሲመለስም ዝም ካለ፣ ይህም ሌላ ምንም ሳይነካ ከተደጋገመ፣ መብራቱን መጠርጠር ተገቢ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር የሚለውጥ ጠጋኝ ዕድል ቀንቶት ብልሽቱን ሊያስወግድ ይችላል፤ የትኛው እንዳስወገደው ግን አያውቅም። የፈረንሳዩ ፒየር ዱሄም ያስጠነቀቀውም ሊዘነጋ አይገባም፤ አንድ ግምት ብቻውን አይፈተንም፣ ከመሣሪያውና ከሌሎች ግምቶች ጋር እንጂ፤ ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሙያ ቴስተሩን አስቀድሞ ደህና መሆኑ በታወቀ ባትሪ ላይ ይሞክረዋል።

ይህ ሁሉ የሚፈተነው ብልሽቱ መጣ ሄድ ሲል ነው። ከመሪው አንገት አጠገብ የሚያልፍ ሽቦ መሪው በዞረ ቁጥር ስለሚተጣጠፍ፣ ላስቲኩ ሳይቀደድ ውስጡ ሊበጠስ ይችላል፤ ፈላጊው ሽቦውን ሲነካካ ጫፎቹ ይገናኛሉ፣ ዕቃው ይሠራል፣ ባለቤቱም አመስግኖ ይሄዳል። አዳዲሶቹ ሥርዓቶች ደግሞ ችግሩን በሌላ መልክ አምጥተውታል። የጀርመኑ ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው አር 1200 ጂ ኤስ ኮምፒውተሮቹ በጋራ መስመር መልእክት የሚለዋወጡበት ሲሆን፣ ተጨማሪ ዕቃው ከተፈቀደለት በላይ ሲስብ መስመሩን የሚዘጋው የሚቀልጥ ብረት ሳይሆን ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ነው። የተቃጠለ ፊውዝ ለዓይን የሚታይ ምስክር ነበር፤ እንዲህ ያለው መቆጣጠሪያ ግን ቁልፉ ጠፍቶ ሲበራ መስመሩን መልሶ ሊከፍት ስለሚችል የሆነው ነገር ምልክቱን በእጅ በሚዳሰስ ነገር ላይ አይተውም።

በዚህ ጽሑፍ አመለካከት ምክንያቱ ታወቀ ሊባል የሚችለው ጠጋኙ ብልሽቱን ማስወገድ ብቻ ሳይሆን ሆን ብሎ መልሶ ማምጣት ሲችል ነው። በፖዘቲቭ ሽቦና በሞተሩ አካል መካከል የተፈጠረ ሾርትን መልሶ መፍጠር እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል መስፈርቱ በሁሉም ስፍራ አይሠራም፤ በዚያ ጊዜ የተላጠውን ሽቦና የጠቆረውን ብረት በዓይን አይቶ ከፍ ያለ ግምት ላይ መድረስ ይበቃል፣ ግምት መሆኑ እስካልተረሳ ድረስ። ጃኬቱ ተነካክቶ ብቻ መሞቅ ከጀመረ ግን በጥገናው መዝገብ ላይ «ተጠግኗል» ተብሎ ሊጻፍ አይገባም፤ ትክክለኛው ቃል «ይሠራል፤ ምክንያቱ አልታወቀም» የሚለው ነው፣ ባለቤቱም ይህንኑ አውቆ ወደ ብርዱ ሊወጣ ይገባል።