በድንበር ላይ የቆሙ ሕሙማን



ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 17 የዐሥሩን ለምጻሞች ታሪክ ሲጽፍ ቦታውን ሳይጠቅስ አላለፈም፤ ጌታችን በሰማርያና በገሊላ መካከል ያልፍ ነበር። በጤናቸው ጊዜ የማይገናኙትን አይሁድና ሳምራዊ ደዌ አንድ አድርጓቸው በሩቅ ቆመው ጮኹ። ጌታችንም ከየት እንደ መጡ ሳይጠይቅ ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ላካቸው፤ በዚያ ዘመን የሰውን ከለምጽ መንጻት መርምሮ የሚመሰክር ካህን ነበርና። እነርሱም በመንገድ ሳሉ ነጹ። ሊያመሰግን የተመለሰው አንዱ ግን ባዕድ ነበር።

ዛሬም በድንበር ላይ በሩቅ የቆሙ ሕሙማን አሉ። ለሥራ ወደ ዐረብ ሀገሮች ከሚሄዱት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን መካከል በሳንባ ነቀርሳ የሚያዙትን እናስባለን። ይህ በሽታ የሚድን ነው። ሮበርት ኮኽ ተሕዋሲውን ማግኘቱን እ.ኤ.አ. በ1882 አስታወቀ፤ ዛሬ የተለመደው ዓይነት በአብዛኛው በ6 ወር ሕክምና ይድናል። በሀገራችን የመንግሥት ጤና ተቋማትም መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። ታዲያ ሕሙማኑን ከመዳን የሚያግዳቸው ምንድን ነው?

አንደኛው ፍርሃት ነው። ወደ ባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ለሥራ የሚሄድ ሰው የደረት ራጅ ይነሣል፤ በሽታው ከተገኘበት ብቁ አይደለም ይባላል። ቀድሞ ድኖ ጠባሳ ብቻ የቀረበት እንኳ ሊከለከል ይችላል። ስለዚህ ሳሉን የሚደብቅ አለ። ሁለተኛው የሰው እጅ ማየት ነው። በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ከሆነ፣ ያለ ፈቃድ መውጣትም ካልቻለች፣ ሐኪም ዘንድ በምን ትደርሳለች? የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውማ የሆስፒታሉን በር እንደ ወህኒ በር ይፈራዋል። ሦስተኛው የሕክምና መቋረጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል። እንዲህ ባለ ጥድፊያ መድኃኒት የጀመረ ሰው የሕክምና ወረቀቱን ይዞ ለመምጣት ይቸገራል። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ደግሞ ተሕዋሲው ሊላመደው ይችላል፤ ያን ጊዜ ሕክምናው ይከብዳል፤ በሽታውም ለቤተ ሰብ ይተርፋል።

መንግሥታት ሕዝባቸውን ከበሽታ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው አንክድም። ነገር ግን በተገቢው መድኃኒት የሚታከም ሰው የማስተላለፍ ኃይሉ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጅግ ይቀንሳል። በሽተኛን ማከም ጎረቤቱንም መጠበቅ ነው፤ ማባረር ግን ደዌውን ከቤት ወደ ቤት ማዛወር ይሆናል።

በእኛስ ዘንድ? ገንዘብ ልካ ታስተዳድረን የነበረች ልጅ ታማ ባዶ እጇን ስትመለስ ስንት ቤት አፈረባት! ቲቢ በትንፋሽ እንጂ በዕቃ እንደማይተላለፍ እየተነገረን ኩባያዋን እንለያለን። እንግዲህ በየቁምስናችን ይህን እናድርግ፦ ሊሄድ የተነሣ ሰው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ካሳለው አስቀድሞ እንዲመረመር እንምከረው። ሕክምና ላይ ያለ ከሆነ የጀመረውን እንዲፈጽም፣ መሄዱ ግድ ከሆነም የዝውውር ወረቀት እንዲይዝ እናሳስበው። የተመለሰውንም ወደ ጤና ጣቢያ አብረነው እንሂድ፤ መድኃኒቱን እስኪጨርስ እንጠይቀው።

ጌታችን እንግዳን መቀበልና የታመመን መጠየቅ ለእርሱ እንደ ተደረገ እንደሚቈጥር በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 አስተምሮናል። በስደት የታመመ ሰው ሁለቱንም ነው፤ እንግዳም ሕሙምም። እርሱን በሩቅ ብናቆመው ጌታን ሁለት ጊዜ ከደጃችን እንመልሰዋለን። ከዚህ ይጠብቀን። አሜን።