በሰው አገር ማርጀት

በእኛ አገር ልማድ እርጅና የመቀመጫ ዘመን ነው። ሰው ጉልበት ሳለው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይነግዳል፣ ያርሳል፤ ፀጉሩ ሲሸብት ግን ከደጁ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ የልጅ ልጁን ይመርቃል፣ የእግር ውኃ ይቀርብለታል። ከሀብት ሁሉ በላይ የሚመኘውም ጧሪ ቀባሪ ነው። ይህ ቃል ሁለት ዕዳዎችን በአንድ ገመድ ያስራል፤ በሕይወት ሳሉ መመገብ፣ ሲሞቱም አፈር ማልበስ። ከሁለቱ አንዱ የጎደለበት ሰው ጎተራው ሙሉ ቢሆን እንኳ ያሳዝናል።

በዚህ ልማድ ላደገ ሰው፣ ዕድሜያቸው ስድሳ ከሞላ በኋላ ቤታቸውን ቆልፈው፣ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ተሰናብተው፣ ቋንቋውን ወደማያውቁት አገር ለአገልግሎት የሚሄዱ ባልና ሚስት እንቆቅልሽ ናቸው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ደግሞ ጥቂት አይደሉም። ለምሳሌ ያህል የአሜሪካ ሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን ጡረታ የወጡ ባልና ሚስትን ከስድስት እስከ ሃያ ሦስት ወር ለሚደርስ ጊዜ ወደ ልዩ ልዩ አገሮች ትልካለች፤ ወጪያቸውንም የሚችሉት እነርሱው ናቸው። የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ሰዎች ደግሞ በወጣትነታቸው መጥተው እዚያው ያረጁ ነበሩ።

ለመሆኑ ይህ ሥራ ትክክል ነውን? ለጥያቄው ሁለት ፈጣን መልሶች አሉ። አንደኛው "ጽድቅ ነው" ይልና ያበቃል። ሁለተኛው ደግሞ "ማን ጠራቸው? የራሳቸውን አገር ችግረኛ ትተው እኛን ሊያርሙ መምጣታቸው ትዕቢት ነው" ይላል። እኔ በወጣትነቴ ሁለተኛውን መልስ ከፍ ባለ ድምፅ ስናገር ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ሁለቱም መልሶች አንድ ጉድለት እንዳለባቸው ይሰማኛል፤ ይኸውም ሰዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ያደርጉ እንደ ነበር አለመመልከታቸው ነው። የሞራል ጥያቄ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ነው። በወጥ ቤት በኩል ሲገቡበት ነው የሚከብደው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባደግሁባት፣ በደቡብ በምትገኝ ትንሽ የገበያ ከተማ፣ እኛ ልጆቹ "የሚሽኑ አባባ" እና "የሚሽኑ እማማ" የምንላቸው ሁለት ፈረንጆች ነበሩ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፎ ነበር። እሳቸው የእንጨት ሥራ ያስተምራሉ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር ይጠግናሉ፤ ባለቤታቸው በአንዲት ጠባብ ክፍል ቁስል ያጥባሉ፣ የዓይን ቅባት ያድላሉ። ይህ ግን የኑሯቸው ግማሽ እንኳ አይሆንም። የቀረው ጊዜ የሚያልቀው በመኖር ብቻ ነበር። ውኃው ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጣራል። ጎመኑ ቅጠል በቅጠል ይታጠባል። ማሾው ሲመሽ ይነፋል፤ ክሩ ሲበጠስ ሌላ ክር እስኪመጣ ድረስ ሁለት ሳምንት በኩራዝ ይታደራል። ጠዋት ጠዋት እማማ ጽጌረዳቸውን ያጠጣሉ፤ በበጋ ውኃው ሲያንስ ፊታቸውን የታጠቡበትን ይሰጡታል። አባባ ቁርስ ሳይበሉ አንድ ሰዓት አማርኛ ያጠናሉ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮኖች ደንብ ማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን፣ መምህራኑም እንዲያውቁት ይፈልግ ስለ ነበር፣ በስንት ሽበት ላይ የግሥ እርባታ መሸምደድ ግዴታ ሆኖባቸው ነበር ማለት ነው። ምን ይሆናል! የሴትና የወንዱን አነጋገር እስከ መጨረሻው አልለዩትም። እናቴን "ደኅና አደርክ?" ይሏት ነበር፤ እርሷም ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና "እግዜር ይመስገን" ትላቸዋለች። በአገሩ የተከበረ ሽማግሌ፣ በሰው አገር ሕፃን የሚስቅበት ተማሪ ለመሆን መፍቀዱ ቀላል ነገር አይደለም። ትዕቢት ነው ለሚለው ክርክሬ ይህች ጠዋት ጠዋት የምትደገም የግሥ እርባታ ሁልጊዜ ታስቸግረኛለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የደብዳቤ ሰዓት ነበር። እማማ በታይፕ መኪና ካርቦን እየደረቡ ለልጆቻቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ከግርጌው በእጃቸው ለእያንዳንዱ ለየብቻ ሁለት መስመር ይጨምራሉ። ከታይፑ በላይ በግድግዳው ላይ የልጅ ልጆቻቸው ፎቶግራፎች ተደርድረው ነበር። በየዓመቱ አዲስ ፎቶግራፍ በፖስታ ይመጣና በአሮጌው ላይ ይለጠፋል። ወጥ የሚሠሩላቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ "እትዬ" የሚላቸው ሴት፣ አንድ ቀን አቧራውን ሲያራግፉ፣ "እነዚህ ልጆች በግድግዳ ላይ አደጉ" አሉ። ነቀፋ ይሁን አድናቆት በድምፃቸው አልለየሁትም።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የእማማ ታላቅ እኅት መሞታቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። እኒህ እኅት እናት ሆነው ያሳደጓቸው ነበሩ። ደብዳቤው የደረሰው ከቀብሩ አንድ ወር በኋላ ነው። ሰፈሩ እንደ ወጉ ለቅሶ ደረሰ፤ ዳቦ ተጋገረ፣ ቡና ተፈላ፣ ሴቶቹ በፈረንጅ ወንበር ላይ መቀመጥ አፍረው ምንጣፉ ላይ ተደረደሩ። እማማ በመሐል ተቀምጠው የሻይ ስኒያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። እናቴ ቀጥተኛ ሴት ነበረች፤ አስተርጓሚ ሳትፈልግ፣ "እናት ሆና ያሳደገች እኅት ሳይቀብሩ ምን ጽድቅ አለ፣ እማማ?" አለቻቸው። ክፍሉ ዝም አለ። ሴትየዋ ጥያቄው ገብቷቸዋል። ጥቂት አሰቡና በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው "እኔ አላውቅም" አሉ። ከዚያም ሁሉም አለቀሰ።

ስለ ሚስዮናውያን ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ መልስ የሚበልጥ ግን አላገኘሁም። የእናቴን ጥያቄ በሌሎች መልስ ለመመለስ የሞከርሁት ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ የታየኝ የቁጥር መልስ ነበር። አንባቢ የሃምሊንን ባልና ሚስት ያውቃቸዋል። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በማኅበር የተላኩ ሚስዮናውያን አልነበሩም፤ እምነታቸው የገፋፋቸው ሐኪሞች ነበሩ። በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ሲደርሱ፣ ባል ሃምሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ውላቸውም በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አዋላጆችን ለማሠልጠን ለሦስት ዓመት ብቻ ነበር። ዳሩ ግን በምጥ ብዙ ቀን ተሠቃይተው ልጃቸው የሞተባቸው፣ ሽንታቸውን መቋጠር ያቃታቸው፣ በሽታው ባመጣው ሽታ ምክንያት ባል የፈታቸውና ዘመድ ያገለላቸው ሴቶች በየጊዜው ወደ በራቸው ይመጡ ጀመር። ሦስቱ ዓመት አልቆ ሌላ ተጨመረበት። በ1967 ዓ.ም. ለእነዚሁ ሴቶች ብቻ የሆነ የፊስቱላ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ሕክምናው በነፃ፣ ድና የምትወጣ ሴት ደግሞ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ የመሳፈሪያ ገንዘብ ተሰጥቷት ወደ አገሯ የምትመለስበት ቦታ። ባል በ1985 ዓ.ም. ሞቱ። ሚስት ግን በሆስፒታሉ ግቢ ባለው ቤታቸው ኖረው፣ መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በዘጠና ስድስት ዓመታቸው እዚሁ አረፉ። ባልና ሚስቱ ባቆሙት ሥራ የታከሙት ሴቶች ከስድሳ ሺህ ይበልጣሉ።

ስድሳ ሺህ! በዚህ ቁጥር ፊት አንድ ያልተቀበረ ዘመድ ምን ይመዝናል? ሒሳቡ እንዲህ ከሆነ ጥያቄው እዚህ ላይ በተዘጋ ነበር። ነገር ግን እናቴን አውቃታለሁ፤ በዚህ መልስ አትረታም። "ለከበደ የሰጠኸው ብር ካበበ የተበደርከውን አይከፍልልህም" ትለኝ ነበር። እውነትም ነው። ዕዳ ባለቤት አለው። ለማያውቁት ሺህ ሰው የተደረገ ቸርነት፣ ለሚያውቁት ለአንዱ የሚገባውን አይሽረውም። የሞራል ፈላስፎች በዚህ ነጥብ ላይ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ አንዳንዶቹ የሩቁም ሆነ የቅርቡ ሰው ሥቃይ እኩል ይመዝናል ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሰው በመጀመሪያ የተጣለበት ግዴታ የቤቱ ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ቅርብና ሩቅ የሚባለውን አስቀድሞ በጫማ የተለካ አድርገው የሚወስዱት ይመስለኛል። እኔ በልጅነቴ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ቅርብነት በየዕለቱ የሚሠራ ነገር ነው። ቁስል ባጠቡ፣ ስማቸውን በተጣመመ አፍ በጠሩ፣ ለቅሶ በደረሱ ቁጥር የሩቁ ሰው ይቀርባል። የሃምሊን ባልና ሚስት የሦስት ዓመት ውላቸው ሲያልቅ መሄድ ያልሆነላቸው፣ ስለ ሰው ልጆች በጠቅላላ ስላሰቡ አይመስለኝም። በራቸው ላይ የቆመችው ሴት በዚያን ጊዜ ዘመድ ሆና ነበር።

በዚህ መንገድ ካየነው በተቆረጠ ጊዜ መጥቶ የሚመለሰውን አገልጋይ ልናቃልለው እንችል ይሆናል። እኔ አላቃልለውም፤ ቢያንስ የቤቱን ዕዳ በልቡ ይዞ የሚመለስበትን ቀን ቆጥሯል። የቆየው ሰው ነው ከባዱን ምርጫ የመረጠው፤ አዲስ ዘመድ ባፈራ ቁጥር አሮጌው ወደ ግድግዳው ይሄዳልና። እንግዲህ ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? "መሥዋዕትነት ከፈሉ" ስንል፣ መሥዋዕት የሆነው የራሳቸው ምቾት ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን የአያትን ጭን ሳያውቁ ያደጉት እነዚያ በፎቶግራፍ ያሉ ልጆች ፈቃዳቸው አልተጠየቀም። ከራስ ኪስ የሚወጣ ስጦታ አንድ ነገር ነው፤ ከልጅ ኪስ የሚወጣ ደግሞ ሌላ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እትዬ ትዝ ይሉኛል። እትዬ የአራት ዓመት ሴት ልጃቸውን ለእናታቸው ትተው፣ የአንድ ቀን መንገድ ከሚርቅ ገጠር የመጡ ነበሩ። ልጃቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለመስቀልና ለፋሲካ ያዩአታል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እማማ ደብዳቤያቸውን ሲጽፉ፣ እትዬ ከወዲያ ማዶ ለእማማና ለአባባ በርበሬ የሌለው አልጫ ይሠራሉ። ሁለቱም ሴቶች ከራሳቸው ሥጋ ርቀው የሌላ ሰው ያገለግሉ ነበር። አንደኛዋ ሚስዮናዊት ተባሉ፤ በአገራቸው በጸሎት ይታወሱ ነበር። ሁለተኛዋ ግን ወጥ ቤት ተባሉ። ልዩነቱ አንዷ መርጠው፣ ሌላዋ ተቸግረው መምጣታቸው ነው ይባል ይሆናል፤ እኔም ይህን አልክድም። ይሁን እንጂ እኒያ ሁለት ሽማግሎች በሰው አገር ሊያረጁ የቻሉት፣ አንዲት እናት ከልጇ ርቃ ውኃቸውን ስላፈላችላቸው መሆኑን የትኛውም የሚስዮን ታሪክ ሲጽፍ አላየሁም። የሚያገለግል ሰው ሁሉ ከጀርባው የሚያገለግለው ሌላ ሰው አለ።

ስለዚህ ዛሬ ለእናቴ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ሥራው መልካም ነው፣ ዕዳውም አልተከፈለም። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። እንዲህ ሲሆን መልካም ሥራ የሠራ ሰው በራሱ ሊረካ አይችልም፤ ምናልባትም ይህ አለመርካት ነው ከትዕቢት የሚጠብቀው። የሃምሊንን ሥራ ከሌሎች የሚለየው፣ በእኔ ግምት፣ የታከሙት ቁጥር ሳይሆን ማሚቱ ጋሼ ናት። ማሚቱ ፊደል ያልቆጠረች የገጠር ልጅ ሆና፣ ራሷ በምጥ ተጎድታ ለሕክምና መጣች፤ እዚያው ቀርታ፣ መሣሪያ ከማቀበል ጀምራ፣ በመጨረሻ ራሷ ቀዶ ጠጋኝ ሆነች፤ የለንደን የቀዶ ሕክምና ኮሌጅም በ1981 ዓ.ም. የወርቅ ሜዳይ ሸልሟታል። ታካሚዋ ሐኪም ስትሆን እንግዳው ሐኪም በቤቱ ያረጀ ሽማግሌ ይሆናል። ካትሪን ሃምሊን ጧሪ ቀባሪ ያገኙት በዚህ መንገድ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ከተሰጣቸው የክብር ዜግነት ይልቅ ዘመድ ያደረጋቸው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከፈራጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ አይደለም። እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ መምህር ሆኜ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቤ፣ የሰው ልጆች ሳስተምር ኖሬአለሁ። እናቴ ስትታመም የመንፈቅ ዓመት ፈተና ነበር፤ ሳርም ቆየሁ። የደረስሁት በሰልስቱ ማግሥት ነው። በዚያ ምንጣፍ ላይ የጠየቀችውን ጥያቄ ለእኔ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም፤ ጎረቤቶቹ ቡና አቅርበውልኝ ዝም አሉ።

የሚሽኑ አባባና እማማ ከተማችንን ለቀው የሄዱት በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው። ለእናቴ ተዝካር በሄድሁ ጊዜ ወደ እትዬ ቤት ጎራ አልሁ። ልጃቸው አድጋ፣ አግብታ፣ እርሷም የራሷን ልጅ ይዛ በጓዳ በኩል ትንጎዳጎዳለች። በጭቃው ግድግዳ ላይ፣ ከማርያም ሥዕል ጎን፣ ከፊት ጥርሶቹ ሁለቱ የወለቁ የፈረንጅ ልጅ ፎቶግራፍ ተለጥፏል። እማማ ሲሄዱ ከግድግዳው ነቅለው የሰጧቸው ነው። እትዬ የልጁን ስም ማንሣት አይሆንላቸውም። ወረቀትና እርሳስ አምጥተው አጠገቤ አስቀመጡና፣ "አንተ ፊደል ታውቃለህ፤ አግብቶ ይሆን፣ ወልዶ ይሆን፣ ጠይቅልኝ" አሉኝ።