ትርፍ ቁልፍ

ጓሮዬ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለችኝ። ከጡረታዬ ጋር ተደምራ ወሩን የምታሻግረኝ እሷ ናት። በ2012 ዓ.ም. ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ተከራያት። የሦስት ወር ኪራይ ሳይከራከር ቆጥሮ ሰጠኝ። ውል እንጻፍ ስለው «ጋሼ፣ በሰው መተማመን ይሻላል» አለኝ። ደስ አለኝ! አንድ ቀን ፖሊስ መጥቶ ክፍሏን ሲያስከፍት ከአልጋው ሥር በማዳበሪያ የታጨቀ የተሰረቀ ሞባይል ወጣ። የሰውዬውን ትክክለኛ ስም እንኳ እንደማላውቅ የገባኝ መርማሪው ፊት ቆሜ ነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ቀጥሎ የመጣው ወጣት መታወቂያውን አሳየ፣ ውሉንም ፈረመ። ግን ማታ ይወጣል፣ ንጋት ላይ ይገባል፣ ቀኑን ሙሉ መጋረጃው አይገለጥም። ጎረቤት «ይሄ ልጅ ደህና አይመስልም» ይለኝ ጀመር። አንድ ምሽት በትርፍ ቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። መሬት ላይ ፍራሽ፣ አንድ ጀሪካን ውኃ፣ ሚስማር ላይ ደግሞ ዱቄት የነጣበት ቱታ። ልጁ ለካ የዳቦ ቤት የሌሊት ተረኛ ነው።

መግባቴን በምን እንዳወቀ እንጃ። ወሩ ሲያልቅ ቁልፉን በሁለት እጁ አቀረበልኝና «ጋሼ፣ ቢጠይቁኝ እኮ እነግርዎት ነበር» ብሎኝ ሄደ።

እንግዲህ ቤቱ የኔ ነው፤ በውስጡ ያለው ኑሮስ የማን ነው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰው መኖሪያ ያለ ሕግ እንዳይበረበር ሲደነግግ ተከራይን ለይቶ አላስቀረም። በሌላ በኩል በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። የተከራይን ማንነት ማወቅ ግዴታዬ ነው፤ ጓዳውን መሰለል ግን አይደለም።

ሁለቱን ሳስተያይ ስህተቴ ይታየኛል። የፊተኛው ምልክቱን በእጄ ሰጥቶኝ ነበር። ውል ሸሸ፣ መታወቂያውን ዛሬ ነገ አለ፣ ሳያማክረኝ የበሩን ቁልፍ ቀየረ፣ ለሚከፍልባት ክፍልም አያድርባትም ነበር። እነዚህ ክፍሏን የሚመለከቱ ድርጊቶች ስለሆኑ በሩን አንኳኩቼ ልጠይቅ ይገባኝ ነበር። መልሱ ካላጠገበኝም ጉዳዩ የፖሊስ እንጂ የኔ ትርፍ ቁልፍ አይደለም። በኋለኛው ላይ የቆጠርኩበት ግን የእንቅልፍ ሰዓቱን፣ ዝምታውንና ድህነቱን ነው። የተተኮሰ ሸሚዝ አመንኩ፣ ዱቄት የነካው ቱታ ጠረጠርኩ።

ዛሬ የሚከራየኝን ሰው «ሥራህ ምንድን ነው? ስንት ሰዓት ትገባለህ?» ብዬ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ። ያ ልጅ ግን ይቅርታ ሳልጠይቀው ነው የሄደው።