የሙሉ ጨረቃ ዓሣ



ዛሬ ስለ አንድ ዓሣ ላውጋችሁ። ናሳው ግሩፐር ይባላል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ፣ ሐሙር የምትሉት ዓሣ ዘመዱ ነው። የሚኖረው ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ለብቻው፣ ኮራል ሥር ተሸሽጎ። የሚያልፈውን አድብቶ ይጠብቅና አፉን በድንገት ከፍቶ ከነውኃው ይስበዋል። አንዱን ለመያዝ ሰው ብዙ ይደክማል።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ግን ጨረቃ ስትሞላ፣ እኛ አያሙል ቢድን በምንጾምባቸው ቀናት አካባቢ፣ ብቸኛው ዓሣ ጉዞ ይጀምራል። አንዳንዱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይዋኛል። በየዓመቱ እዚያው ቦታ፣ የባሕሩ ወለል ወደ ጥልቁ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ፣ በሺዎች ይሰበሰባሉ። መልካቸው ሳይቀር ይለወጣል። እንቁላላቸውን የሚጥሉት በመግሪብ ሰዓት ነው። ሱብሓነላህ! ቀኑንም ቦታውንም ማን አስተማራቸው?

ችግሩ፣ ቀኑንና ቦታውን ሰውም ማወቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ትንሿ ካይማን ደሴት አጠገብ 7,000 ያህል ዓሣ የሚሰበሰብበት ቦታ ተገኘ። በሁለት ወቅት ብቻ 4,000 ያህሉ ተያዘ።

ይህን ሳነብ ሱረቱል አዕራፍ ላይ ያለችው የባሕር ዳር ከተማ ትዝ አለችኝ። ዓሣው በተከለከለው ቅዳሜ ውኃው ላይ እየታየ ይመጣል፤ በሌላው ቀን ይጠፋል። ሙፈሲሮች እንደሚነግሩን፣ ዐርብ መረብ ዘርግተው እሑድ አነሱ፤ «ቅዳሜ አላጠመድንም» ለማለት። (የካይማን ሰዎችን ከነዚያ ጋር እኩል ማድረጌ አይደለም፤ ልጆቻቸውን የሚያበሉ ናቸው።)

ዓሣ በጠፋበት ቀን ማንም ይታገሣል። እናንተ የምትፈተኑት የፈተናው መልስ ቀድሞ ቴሌግራም ላይ የደረሳችሁ ዕለት፣ ባለሱቁ ተሳስቶ አብዝቶ መልስ የሰጣችሁ ዕለት ነው። ያኔ «እኔ አልሰረቅኩም፣ እሱ ነው የሰጠኝ» የምትል ነፍስ የዐርቧን መረብ ዘርግታለች።

በካይማን በ2003 ማጥመዱ ተከለከለ። ዓሣው ግን ወዲያው አልተመለሰም፤ አንዱ ለመራባት ብቻ ዓመታት ይፈጅበታል። ብዙዎች ከንቱ ነው ሳይሉ አልቀሩም። ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ ቁጥሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ ከዐስር በፊት ከአንቀጽ 163 እስከ 166 ያለውን አንብቡት። «ለምን ትመክሯቸዋላችሁ?» ያሉት ሰዎች ጋ ስትደርሱ ትንሽ ቁሙ።

ጁሙዓ ሙባረክ።